ከኋላው በር ወደ መሪው

ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በአውቶቡስ ስትጓዝ ኖራ መንገድ አይታ የማታውቅ ሴት ብትኖር እሷ ናት። ይህን ስትናገር የሚስቅ አይጠፋም፤ እሷ ግን ስትቀልድ አልነበረም። የትኬት ቆራጭ ወንበር የሚተከለው ከኋላው በር አጠገብ፣ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ነው። እዚያ የተቀመጠ ሰው የሚያየው የተሳፋሪ ወገብና የዘንቢል እጀታ ነው፤ ሰው ሳሳ ሲል ደግሞ በጎን መስኮት የሚያልፍ አጥር። ከፊት ምን እየመጣ እንደሆነ የሚያውቀው ሾፌሩ ብቻ ነው። ሾፌሩ ደግሞ ባሏ ነበር።

ሰፈርተኛው እሷን «እትዬ ትኬት» ይላታል፤ ባሏን እሷን ጨምሮ ሁሉም ሰው «ሾፌር» ይለዋል። በሰባት ቁጥር መስመር አብረው ሲሠሩ በመካከላቸው ስልሳ ሰው ተጠቅጥቆ ስለሚውል የሚነጋገሩት በቆርቆሮው ነበር። የጋብቻ ቀለበቷን በሩ ጥግ ላይ አንዴ ኳ ካደረገች «ቁም» ማለት ነው፤ ሁለቴ ካንኳኳች «ሂድ»። ሾፌር እነዚያን ሁለት ምቶች ካልሰማ ተሳፋሪው ቢሳደብ፣ ከኋላው ያሉት መኪኖች ጥሩምባቸውን ቢያቀልጡበት ንቅንቅ አይልም። ቀለበቷ በአንድ ጎኑ ጠፍጥፎ ቀርቷል። ቤት ውስጥ እንኳ ምሳ በልቶ ሲጨርስ «በይ ምቺና ልነሳ» እያለ ይቀልድባት ነበር።

አንድ ነገር ግን በሆዷ ይዛ ኖራለች። የሆነ ዓመት የአውቶቡስ ድርጅቱ መንጃ ፈቃድ ያለው ሠራተኛ ሁሉ ለሾፌርነት መወዳደር ይችላል ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አነበበችና ለማንም ሳትናገር ለመንጃ ፈቃድ ሥልጠና ተመዘገበች። ሰባት ወር የዕረፍት ቀኗን በማሠልጠኛ ሜዳ አሳለፈች። የሕዝብ ማመላለሻ መንጃ ፈቃዷን ይዛ ስምሪት ቢሮ ስትገባ ኃላፊው ካርዱን ገልብጦ አየና «አንቺ መሪ ከያዝሽ ትኬቱን ማን ሊቆርጥልን ነው፣ ባልሽ?» አላት። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። በር ላይ ቆሞ የነበረው ባሏም ሳቀ። ብዙ አልሳቀም፤ ግን ሳቀ። እሷም አየችው።

ሌላ ሰው ቢሆን ካርዱን መሳቢያ ውስጥ ወርውሮ ይረሳው ነበር። እሷ ግን እልኸኛ ናት፤ እልኸኛ ስል ደግሞ የአንድ ሰሞን እልህ አይደለም። መንጃ ፈቃዱ ጊዜው ባለፈ ቁጥር ፎቶ ተነስታ፣ ዓይኗን ተመርምራ፣ ወረፋ ጠብቃ ታሳድሰዋለች። ጸሐፊው አንዴ ምን እንደምትነዳ ቢጠይቃት «እስካሁን ምንም» ብላው ወጣች።

ሁለቱም ጡረታ በወጡ በዓመቱ ሾፌር አንድ ቀን ትልቅ የአገር ካርታ ገዝቶ መጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ከራሳቸው ቤት በር ጀመረ። በጠፍ ሜዳው፣ በሐይቁ ዳር፣ በተራራው፣ በባሕሩ ጠረፍ አዙሮ አምጥቶ እዚያው በር ላይ ገጠመው፤ አገሩን ሁሉ የሚዞር አንድ ቀይ ክብ ሆነ። ዕድሜውን ሙሉ አሥራ አራት ፌርማታ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው፤ ከከተማው የወጣው ለለቅሶ ብቻ ነበር። «ይህን ክብ ሳንገጥመው ብቀር ዓይኔን ግንባር ያድርገው» አለ። እሷ የፈለገችው አንድ ነገር ነበር፦ መንገድን ከፊት ማየት።

የፋብሪካ ሠራተኛ ሲያመላልስ የኖረ፣ እንደ እነሱው ጡረታ የወጣ መለስተኛ አውቶቡስ ተገዛ። ወንበሮቹ ተነቅለው አልጋ፣ መደርደሪያና የጋዝ ምድጃ ገባበት፤ ጣሪያው ላይ ድንኳንና ሁለት ታጣፊ ወንበር ታሰረ። ሾፌር «ካራቫን» ብሎ ጠራው፤ ጎረቤት ደግሞ ቤት እያላቸው ቤት ይነዳሉ ብሎ ሳቀባቸው። ከመሪው ጎን የነበረውን ወንበር ነቅሎ የውኃ በርሜል ተከለበት። በምትኩ የእሷን የድሮ ወንበር ከድርጅቱ የቁርጥራጭ ብረት ክምር ውስጥ ፈልጎ አግኝቶ ኖሮ፣ ከኋላው በር አጠገብ ልክ እንደ ድሮው ወደ ጎን አዙሮ በብሎን አስሮ አሳያት። እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሰውየው ይህን ያህል ደክሞላት የፊቱን መስኮት መጠየቅ ነውር መሰላትና ተወችው።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት። የጉዞውን ወሬ ከሰማችበት ቀን ጀምሮ አሻፈረኝ አለች። በዚህ ዕድሜያችሁ ሐኪም በሌለበት ምድረ በዳ ምን ልትሆኑ ነው እያለች በየቀኑ ተመላለሰች፤ አባቷን ለብቻው ጓዳ ይዛ ገብታ ስታንሾካሹክበትም እናት አይታለች። እናት የመሰላት ግን ሌላ ነው፤ የልጆቿን ጠባቂ ልታጣ ስለሆነ ነው የጨነቃት ብላ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቆርቆሮውን ሁለቴ አንኳኳችና ሄዱ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሳቅ ነበሩ። ሾፌር ፌርማታ አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። በየደረሱበት ከተማ የፌርማታ ምሰሶ ፊት ለፊቱ ሲመጣ እግሩ ራሱ ፍሬን ይረግጣል፣ እጁ ራሱ በር ይከፍታል። አንዲት ባልቴት ሁለት ዶሮ ታቅፈው ገብተው አልጋው ላይ ከተመቻቹ በኋላ ትኬት ቁረጪልኝ አሉ። ትኬት የለም ብትላቸው «ያለ ትኬት አስገብተሽ በኋላ ልታስቀጪኝ ነው?» ብለው ተቆጡ። እስከ ገበያቸው አደረሷቸው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ገና ሳትበርድ ይቆማሉ፤ ድንኳኑን ለጥላ ይተክላሉ፣ ሻይ ያፈላሉ፣ ድንች ይቀቅላሉ። ሾፌር ካርታውን አፍንጫው ሥር አስጠግቶ ዕለቱን የሄዱትን መንገድ በቀዩ ላይ በሰማያዊ ይደግመዋል።

አንድ ሁለት ነገር ታዝባ ነበር። ይንቀረፈፋል። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል መኪናው መቆም አለበት ብሎ ግግም ይላል። መታጠፊያ ላይ ሲደርስ «ከቀኝ ሰው አለ?» እያለ ይጠይቃታል። አረጀ አለች በሆዷ፤ ለነገሩ እሷስ መቼ ወጣት ሆነች። የራሷ ቅሬታ ነበረባት፦ አገር እየዞረች አሁንም የምታየው በጎን የሚሮጥ አጥር ነው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠፍ ሜዳ መሐል፣ መንገድ ዳር የቧንቧ ውኃ አገኙ። ወረደችና ማንቆርቆሪያውን አጥባ የኋላው በር ጥግ ካለው ምስማር ላይ ሰቀለችው፤ ከዚያ ፊቷን ልትታጠብ ወደ ቧንቧው ተመለሰች። ነፋስ መጣ። ማንቆርቆሪያው ተወዛወዘና ቆርቆሮውን ኳ፣ ኳ አደረገው። ሾፌር ማርሽ አስገብቶ ሄደ።

ሳሙና የተለቀለቀ ፊቷን ይዛ ሮጠች፤ ጮኸች፣ አፏጨች፣ ፎጣዋን አውለበለበች። ካራቫኑ ፍሬቻ አብርቶ፣ በሥርዓቱ ወደ መንገዱ ገብቶ፣ ቀስ እያለ ራቀ። መጀመሪያ ሳቋ መጣ። ቀጥሎ ግን የቆመችበትን ቦታ አየች። የቆመችው ልክ የቀኙ ስፖኪዮ የሚያሳየው ቦታ ላይ ነበር። ማሠልጠኛ ሜዳ ላይ ሰባት ወር የተማረችው ነገር ነው፤ መስታወቱ የቱን እንደሚያሳይ፣ የቱን እንደሚደብቅ መሬት ላይ በኖራ አስምረው አሳይተዋታል። ቀይ ፎጣ እያውለበለበች እዚያ ቆማ ያላያት ሰው ምንም አያይም ማለት ነው። ቆሌዋ ተገፈፈ።

ሽንኩርት የጫነ መኪና አነሳት። ነጂው ባልሽ ጥሎሽ ጠፋ እንዴ ብሎ ሊቀልድ ሲል ፊቷን አየና አፉን ዘጋ። ገቢና ተቀምጣ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም መንገድ ከፊቷ ተዘርግቶላት፣ መንገዱን ልብ አላለችውም። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትፈልገው፤ ያንን ካራቫን፣ የትም ሳይጋጭ።

ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዱ ከሩቅ አየችው። የሰው ዘር በሌለበት የገጠር ፌርማታ ላይ፣ በሩን ከፍቶ፣ ሞተሩ እየሠራ ቆሟል። ፌርማታ ሲያጋጥመው እንደ ልማዱ ቆመ፤ ከዚያ ሁለቱ ምቶች እስኪመጡለት እየጠበቀ ነው። የሽንኩርቱን ሰው አመስግና ወረደችና በፊተኛው በር ገባች። ከበርሜሉ አጠገብ፣ ከእሱ አንድ ክንድ ርቃ ቆመች። ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ፊት ለፊት ያያል። ዞር አላለም።

«እሜቴ፣» አለ ወደ ኋላው በር ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ይህን ያህል ሰዓት ምን ትሠሪያለሽ? ምቺና እንሂድ እንጂ።»

«እዚህ ነኝ» አለችው።

ድንግጥ ብሎ ፊቱን አዞረ፤ ዓይኑ ወዲያ ወዲህ ፈልጎ ነው ያገኛት። በጎኑ በኩል ሦስት ጣቷን አንስታ ስንት ነው አለችው። «ምኑ?» አለ። እጇን ቀስ እያለች ወደ ፊቱ አመጣችው፤ አፍንጫው ፊት ሲደርስ «ሦስት» አለና ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ።

ከዚያ ሁሉንም ነገራት። የዓይን ግፊት ነው። ዙሪያው ከጠፋ ቆይቷል፤ የቀረችው መሐሏ ናት፣ በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት። ጠብታ ታዞለታል፤ ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ የሄደውን አይመልስም፣ ቀዶ ጥገናም ያው ነው ብለውታል። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከቆየ ጥሩ ነው ያለው ሐኪሙ ነው። ካርታውን የገዛው ከሐኪሙ ዘንድ ሲወጣ ነበር። ልጃቸው ታውቃለች፤ ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ ብሎ አስምሏታል። በርሜሉም ፊት የተተከለው ለውኃው አይደለም። እሷ እዚያ ብትቀመጥ አነዳዱን አይታ በአንድ ቀን ትደርስበት ነበር።

ደሟ ፈላ። መጀመሪያ የተናደደችው በመንገዱ ላይ ላገኟቸው ሰዎች ብላ ነው፤ ዶሮ የታቀፉት ባልቴት በቀኙ በኩል ሲሻገሩ ቢሆንስ? ቀጥሎ ስለ ራሷ ተናደደች።

«ለዚያ ወንበር አልቅሻለሁ እኮ» አለችው። «አስቦልኝ ነው ብዬ አለቀስኩ። አንተ ግን ዓይኔን ነው የሸሸኸው። አሥራ አንድ ቀን መንገድ ሰረቅኸኝ።»

ልጅቷን ጥሪያትና ሰው ልካ ትውሰደን፣ በቃ፣ አለ። ሲናገር ቅስሙ ተሰብሮ ነበር።

ወረደችና ካራቫኑን ሁለት ጊዜ ዞረችው፤ እያንዳንዱን ጎማ በእግሯ እየመታች። ልታንቀው ፈልጋለች፤ አንጀቷም ለእሱ ተላውሷል፤ ሁለቱም እኩል እውነት ነበሩ። ካሁን ወዲያ እሱ መሪ እንደማይነካ ተቆርጦ ያለቀ ነገር ነው። ቤት ተመልሶ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጨለማውን እንዲጠብቅ ግን ማን ፈረደበት? ገብታ ከድሮው የትኬት ቦርሳዋ ካርዱን አወጣች።

«ተነስ» አለችው።

«ወዴት?»

«ከመሪው ላይ።»

ካርዱን ተቀብሎ በቀረችው ቀዳዳ ፊት አመጣው። ፎቶውን አየ፣ ቀኑን አየ። ባለፈው ዓመት ታድሷል።

«ያን ቀን ስቀሃል» አለችው።

«ስቄያለሁ» አለ ሾፌር። «ከእነሱ ላለመለየት ብዬ ነው የሳቅኩት። ቤት ስገባ ይቅር በይኝ ልልሽ ነበር፤ አንቺ ምንም ሳትዪ ስትቀሪ እኔም አለፈ ብዬ ተውኩት።»

«አላለፈም። ተነስ።»

ተነሳ። በርሜሉን አብረው ነቅለው ወደ ኋላ ወሰዱት፤ የትኬት ቆራጩን ወንበር ደግሞ አምጥተው ከመሪው ጎን ተከሉት። ብሎኑን ያሰረው እሱ ነው፤ ለብሎን ዓይን አያስፈልገውም። እሷ መሪው ላይ ተቀመጠች። ሞተሩ ሦስት ጊዜ ጠፋባት። በአራተኛው ካራቫኑ እንደ ደነገጠ በቅሎ ዘለለ፤ መደርደሪያው ላይ የነበረ ሰሐን ሁሉ ወለል ላይ ወረደ። የዚያን ዕለት አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ሄደች። ስትቆም ቀሚሷ ከጀርባዋ ጋር ተጣብቆ ነበር። በማግስቱ አርባ ሄደች።

ከፊት መስታወቱ በላይ ከፋብሪካው ዘመን የቀረ ጽሑፍ ነበር፤ «ሾፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው» ይላል። ባሏ ፍሪሲዮኑን ቀስ፣ ማርሽ ቀንሺ፣ ሞተሩን ስሚው እንጂ እያለ አላፈናፍን ሲላት ጣቷን ወደዚያ ትቀስርለታለች። እንደማያየው ትዝ ሲላት ደግሞ ጮክ ብላ ታነብለታለች። እሱም አፉን በእጁ ይይዛል፤ እስከሚቀጥለው መታጠፊያ ብቻ።

በሳምንት ውስጥ እጇ ለመደ። ያኔ ነው መንገዱን በእርግጥ ያየችው። አድማስ ላይ ቀጭን የነበረው ነገር እየሰፋ፣ እየሰፋ መጥቶ በእግሯ ሥር ሲገባ፣ ከተማ ከሩቅ ብቅ ሲል፣ ዝናብ ሳይደርስባቸው ሲመጣ ስታይ እንደ ልጅ ደስ አላት፤ እስከ ዛሬ ይህን ሁሉ ለብቻው ሲያይ የኖረ ሰውዬ ብላም ቀናች። እሱ በቀዳዳው ፊት ለፊቱን ያያል፤ ግራና ቀኙን እሷ ትነግረዋለች። ከቀኝ የጡብ ፋብሪካ፣ ከግራ ልብስ የምታሰጣ ሴት፣ አሁን ደግሞ ሐይቁ መጣ ትለዋለች።

ልጃቸው ሁሉንም በስልክ ሰማች፤ እናቷ ራሷ ናት የነገረቻት። ሐይቁ ዳር ድንኳን ተክለው ሦስት ቀን ሲያርፉ በሕዝብ መኪና ከች አለች። አባቷን አቅፋ አለቀሰች፤ ለእናቷ ባለመንገሯም ይቅርታ ጠየቀች። እናት ይቅር አለቻት። በማግስቱ ጠዋት ግን የመኪናው ቁልፍ ከምስማሩ ላይ አልነበረም።

«ቁልፉን አምጪ» አለቻት።

«አልሰጥም እማዬ። አባዬ አያይም፣ አንቺ ደግሞ ነድተሽ አታውቂም። ነገ ገደል ገቡ ብለው ቢደውሉልኝ ምን ይውጠኛል? ቤቱ ገብቶ ይረፍ፣ እኔ ልንከባከበው።»

«ቤቱ ገብቶ ምን ሊያይ? ግድግዳ?» አለች እናት። ድምፅዋን አላነሳችም። «አባትሽ የቀረችው አንዲት ቀዳዳ ናት። በእሷ ምን እንደሚያይ አንቺም አትመርጪለትም፣ እኔም አልመርጥለትም። እሱ መርጧል፤ በቀይ አስምሮታል። እኔን ደግሞ ሰው ቁሚ ብሎኝ ቆሜ አላውቅም። ሃያ ስምንት ዓመት ሂድ የምለው እኔ፣ ቁም የምለው እኔ ነበርኩ።»

ልጅቷ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ቀረች። እናትየው ዛሬ ተራራውን እንደሚወርዱ ነገረቻትና ውረጂ ከእኛ ጋር አለቻት። ታች ሲደርሱ ይህች ሴት መንዳት አትችልም ካለች ቁልፉ የእሷ ይሁን፤ ሁለቱም በሕዝብ መኪና ተሳፍረው ተከትለዋት ይመለሳሉ። ሾፌር ይህን ሲሰማ ሻዩን ወለል ላይ አስቀምጦ ተነሳ። «እስማማለሁ» አለ፤ የጠየቀው ግን አልነበረም። ልጅቷ ቁልፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ለእናቷ ሰጠቻት።

ተራራው አርባ ምናምን ጠመዝማዛ ነበረው። አናቱ ላይ ቆመች፤ እንደተማረችው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀነሰች፣ ከዚያ ወረደች። ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ መደርደሪያውን በሁለት እጇ ይዛለች። ሁለት ጊዜ ፍሬኑ እንዲበርድ ቆመች። ከኋላ የሚያጣድፋትን መኪና ዳር ይዛ አሳለፈችው። አንድ መታጠፊያ ላይ ሾፌር «ሁለተኛ» ሊል አፉን ሲከፍት ማርሹ አስቀድሞ ሁለተኛ ላይ እንደገባ ከሞተሩ ድምፅ ሰማ፤ አፉን መልሶ ዘጋው።

ግማሽ ላይ ሲደርሱ፣ መንገዱ ከሁሉም የጠበበበት ቦታ ላይ፣ ሰው የጫነ ትልቅ አውቶቡስ ሽቅብ እየመጣ ፊት ለፊት ተፋጠጡ። የሚያሳልፋቸው ቦታ ከኋላዋ ነው፤ ሠላሳ ሜትር ያህል ወደ ላይ፣ በጎኑ ገደል። ልጅቷ «እማዬ» አለች በቀጭኑ። እናት የኋላ ማርሽ አስገባችና ቀኙን ስፖኪዮ አየች፣ ግራውን አየች፣ እንደገና ቀኙን አየች። መስታወቱ የገደሉን ጠርዝ፣ ዳሩ ላይ ያለውን ነጭ ድንጋይ፣ የኋላ ጎማዋን አንድ በአንድ አሳያት። ሳትቸኩል፣ እየቆመች እየተነሳች ወደ ኋላ ሄዳ ዳሩን ያዘች። ሽቅብ የሚመጣው አውቶቡስ አጠገቧ ሲደርስ ሾፌሩ አንድ እጁን ከመሪው ላይ አንስቶ መዳፉን አሳያት። ሾፌሮች መንገድ ላይ ሲተላለፉ እንዲህ ነው ሰላም የሚባባሉት። ባሏ ለሌሎች፣ ሌሎች ለባሏ እንዲህ ሲያደርጉ ነበር ይባላል፤ ከኋላው በር ግን አይታይም። እሷም እጇን አነሳች። ዓይኗ እንባ ስላቀረረ አውቶቡሱ ካለፈም በኋላ ትንሽ ቆየች።

«ምን ሆነን ነው የቆምነው?» አለ ሾፌር።

«ሰላም ብሎኝ ነው» አለችው።

ታች ከተማው መናኸሪያ ላይ ልጅቷ ወረደች። ቁልፉን አላነሳችም፤ መኪናው ላይ ነበር፣ እዚያው ተወችው። ከቦርሳዋ የሦስት ወር ጠብታ አወጣች፤ ስትመጣም ይዛው ነበር ማለት ነው። ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ጠብታ፣ እንዳትረሺ፣ በየቀኑ ደውዪ ብላ እናቷን ሳመቻት። ከዚያ «አነዳድሽ ያስፈራል፣ ግን ትችያለሽ» አለቻት።

ከዚያ ወዲያ የነበረው መንገድ ረጅም ነው፤ ሁሉንም ብዘረዝረው አያልቅም። ጎማ ፈነዳባቸው፣ ዝናብ ድንኳናቸውን ወሰደው፣ አንድ የመኪና ማረፊያ ጥበቃ ሾፌሩ የታለ ብሎ ሦስት ጊዜ ጠይቋት በአራተኛው ካርዱን አፍንጫው ሥር ደቀነችለት። ሰማያዊው መስመር ግን በቀዩ ላይ እየተከተለ ሄደ። መጀመሪያ ሾፌር ብቻውን ያሰምረው ነበር፤ በኋላ እሷ እጁን ይዛ ታስኬደው ጀመር።

ባሕሩ ዳር አድረው ጠዋት ታጣፊ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጉሙ መቼ ይሆን የሚገፈፈው አላት። ጉም አልነበረም። ፀሐዩ ውኃው ላይ ያንጸባርቅ ነበር። እንዴት ብላ ትንገረው? አጠገቡ ተንበርክካ እጁን ያዘችና «ጉም የለም» አለችው። ሁለቱም አለቀሱ፤ ማንም አላያቸውም፣ ቢያያቸውም ግድ አልነበራቸውም። ቆይቶ ፊቱን በመዳፉ ጠረገና ክቡ ስንት ቀን እንደቀረው ጠየቀ። አራት ቀን አለችው። «እንግዲያው ምን እንጠብቃለን?» አለ።

በአራተኛው ቀን ከተማው ጫፍ ሲደርሱ ዳር ይዛ እንድትቆም ጠየቃት። ወንበሩን ወደ ኋላው በር መልሰው እንዲተክሉት ፈለገ።

«ከፊት ተቀምጬ የማየው የለኝም» አለ፤ «ከኋላ ግን የምሠራው ሥራ አለ።»

ተከሉት። ብሎኑን አሁንም እሱ ነው ያሰረው። ሰባት ቁጥር መስመር ውስጥ ገቡ። ሾፌር ፊቱን ወደ ጎን አድርጎ ተቀምጦ፣ የራሱን ቀለበት ቆርቆሮው ላይ አድርጎ፣ አሥራ አራቱንም ፌርማታ በመታጠፊያውና በጉድጓዱ እየለየ አንዴ ኳ፣ ሁለቴ ኳ ኳ እያደረገ አስቆማት፣ አስኬዳት። አንዱንም አልሳተም። ሃያ ስምንት ዓመት ፊቷን አዙራ ስታልፍበት የነበረውን መንገድ እሷ አሁን ገና ከፊት አየችው፤ ቆንጆ አይደለም፣ ግን የእሷ ነበር።

ቤታቸው በር ላይ ልጃቸው ልጆቿን ይዛ ቆማለች፤ ቤት ይነዳሉ ብለው የሳቁት ጎረቤቶችም ወጥተዋል። ካራቫኑን ልክ በሩ ፊት አቆመች። ሰማያዊው ቀዩን ገጠመው። ፍሬኑን ሳበችና ወንበሯ ላይ ደገፍ ብላ ባሏ እስኪወርድ ጠበቀች።

ከኋላ ሁለቴ ኳ ኳ አለ።

«ደርሰናል እኮ» አለችው። «ቤታችን ነው።»

«አውቃለሁ። የእኔው ክብ ገጥሟል» አለ ሾፌር ከወንበሩ ሳይነሳ። «አንቺ ግን የመጀመሪያዎቹን አሥራ አንድ ቀናት ከፊት አላየሻቸውም።»

ልጅቷ መስኮቱ ሥር ደርሳ ነበርና ሰማች። ወገቧን ይዛ አባቷን አየች፣ እናቷን አየች፣ ምን ልትል እንደሆነ ሁሉም ሰው ያውቃል። እናት ቀደመቻት።

«በርሜሉ ባዶ ነው» አለቻት። «ጎማውን ሳቢና ውኃ ሙይልን።»

ልጅቷ እያጉረመረመች የግቢውን የውኃ ጎማ ስባ አመጣችና በኋላው መስኮት አስገባችው። የልጅ ልጆች ሳቁ፤ ጎረቤቶቹ ግን አሁን አልሳቁም። በርሜሉ አፉ ድረስ እስኪሞላ ሁለቱም ከወንበራቸው አልተነሱም። ሲሞላ ከኋላ ሁለቴ ኳ ኳ አለ፤ እሷም ስፖኪዮውን አይታ ማርሽ አስገባች።